የባንቺዓለም እጆች

«ቀስ ብለሽ ፍቺው፤ ቆዳዬ ላይ ተጣብቋል» አለች ባንቺዓለም ጥርሷን ነክሳ።

ደስታነሽ የመጨረሻውን የጨርቅ ዙር ከእህቷ ግራ እጅ ላይ ገፈፈች። ከጨርቁ ሥር ያለው የጉሎ ቅጠል ደርቆ ተኮማትሯል። ቅጠሉ ሲነሣ ከውስጡ መውጣት የነበረበት ወይን ጠጅ መስሎ የቀላ የሙሽራ እጅ ነበር። እጁስ ቀልቷል፤ ግን አብጧል። ጣቶቹ ወፍረው መታጠፍ አቅቷቸዋል፤ በመሐል በመሐላቸውም ውሃ የቋጠሩ ነገሮች ችፍ ችፍ ብለዋል።

ደስታነሽ ምን እንደተፈጠረ ከማንም በፊት ስለገባት ቀና ብላ የእህቷን ፊት ለማየት አልደፈረችም።

«እንዲህ ነው እንዴ የሚሆነው?» አለች ባንቺዓለም። «ሌሊቱን ሙሉ ሲያቃጥለኝ ነበር እኮ። ሲይዝ ነው ብዬ ቻልኩት።»

«እማማ ውበቴን ልጥራቸው፣ እታለም?»

«እማን ጥሪልኝ።»

ወሩ ጥር፣ ዘመኑ 1974፣ ዕለቱ ረቡዕ ነበር። ሠርጉ እሑድ ነው። ቢቸና ያለው ግቢያቸው ውስጥ ዳሱ ተጥሏል፤ ጠላው ተጠምቋል፤ ለሠርጉ የተፈቀደው ስኳርም ከቀበሌው ሱቅ ወጥቷል።

እማማ ውበቴ የሙሽራው የገላው አክስት ናቸው። ከሞጣ ድረስ በአውቶቡስ የመጡት ሙሽራዪቱን ሊያሰናዱ ነው። ሰኞ ማታ እንደደረሱ ቁጭ ብለው የሳምንቱን ሥራ በጣታቸው እየቆጠሩ ለደስታነሽ እናት ለወይዘሮ ሀብትነሽ አስረድተው ነበር። ማክሰኞ የእጇ እንሶስላ፣ ረቡዕ የእግሯ፣ ሐሙስ ፀጉሯ አደስ የገባበት ቅቤ ይቀባል፣ ዓርብ ሹሩባ፣ ቅዳሜ ገላዋን ትታጠባለች፣ እሑድ ጠዋት ኩል። እናትየዋ «አንገቷስ? ሳትነቀስ ልትዳር ነው?» ብላ ስትጠይቅ ባንቺዓለም አንገቷን ደፋች። መነቀስ እንደማትፈልግ ከተናገረች ቆይታለች። ያን ጊዜ እማማ ውበቴ «ያልፈለገችውን ነገር ገላዋ ላይ ጽፈን አንሰድዳትም» አሉና ጉዳዩ በዚያው ተዘጋ። ባንቺዓለም ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ወደደቻቸው።

እጅና እግር የሚያቀላውን የእንሶስላ ሥርም ያመጡት ራሳቸው ናቸው። ልጠው፣ ከትፈው፣ ማክሰኞ ከቀትር በኋላ ለደስታነሽ ሰጧት። «በደንብ ውቀጪው። ስትጨርሺ ጥለሽው ሳትሄጂ አምጪልኝ» አሏት።

ደስታነሽ አሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ ሰባተኛ ክፍል ናት፤ ከእሷ የሚፈለገው ይኸው ብቻ ነበር። ወቀጠችው። ገበቴው ላይ ገለበጠችው። ከዚያ አጥር ጥግ የቆመችው ጓደኛዋ አገሬ ጠራቻትና «ለአፍታ» ብላ ሄደች። የሒሳብ ፈተናው ተመልሶ ነበር፤ ማን ስንት እንዳገኘ፣ ማን ከማን እንደኮረጀ ሲያወሩ ጊዜው ነጎደ። ስትመለስ ጥጃው ገበቴውን ገልብጦ እንሶስላው አፈር ላይ ተበትኗል። ለቃቅማ አጠበችው። የተረፈው ግማሹን እንኳ አይሞላም፤ ውሃውም ቀጭን ሻይ መሰለ።

ለእናቷ ብትናገር ኖሮ ነገሩ ቁጣ ብቻ ይሆን ነበር። ለእግር ከተቀመጠው ሥር ይጨመርና ያልፍ ነበር። ግን በዚያች ሰዓት ይህ አልታያትም። የታያት የእናቷ ፊት ነው።

«አንቺ ደግሞ፣ ለዚህ ነው የምትጨነቂው?» አለቻት አገሬ። የአገሬ እናት የሰፌድና የሞሰብ ስፌት ሰፊ ናቸው፤ ቤታቸው ሣሩን ቀቅለው አለላ የሚያደርጉበት የቀለም ዱቄት አይጠፋም። በወረቀት የተጠቀለለ ቀይ ቀለም አምጥታ ሰጠቻት። «አዲስ አበባ ሙሽሮቹ የሚቀቡት ይህንኑ ነው። አይሸውዱሽ።»

አገሬ አዲስ አበባን አይታ አታውቅም። ደስታነሽ ይህን ታውቃለች፤ ቢሆንም አንድ የሾርባ ማንኪያ ሙሉ ጨመረችበት። እማማ ውበቴ ሎሚ ጨምቀው ሲያማስሉት አሸተቱና «ሽታው ዛሬ ትንሽ ሌላ ሆነብኝ» አሉ። ከዚያ ግን የራሳቸውን አፍንጫ ተጠራጠሩ መሰል እንዲያው የባንቺዓለም እጅ ላይ ለበጡት።

አሁን ቤቱ በሰው ተሞላ። እናትየዋ የልጇን እጅ አይታ ራሷን ያዘች። ጎረቤታቸው እትዬ ይርጋነሽ ማንም ሳይጠራቸው ደረሱ። የኔታ ገብረ ኪዳንም ተጠርተው መጡ። የኔታ የቅኔ መምህር ናቸው፤ የልጆቹ ሟች አባት ታላቅ ወንድም ስለሆኑ የቤቱ ትልቅ ነገር ሁሉ በእሳቸው ያልፋል።

እማማ ውበቴ የባንቺዓለምን እጅ በጣታቸው ጫፍ ዳሰሱ። «ሳሙና ሳትነኪ በቀዝቃዛ ውሃ ታጠቢው፣ ልጄ» አሉ ቀስ ብለው። ነጠላቸውን አጣፍተው ወደ ጓሮ ወጡ።

«ሥሩ የመጣው ከእነሱ ነው፤ የቀባችውም የእነሱው ሰው ናት» አሉ እትዬ ይርጋነሽ፣ ሴትዮዋ ከበሩ ገና ሳይርቁ። «የልጁ እናት በፊት ሌላ ልጅ አጭታለት ነበር ሲባል ሰምቻለሁ። እኔ ምን አውቃለሁ፤ ሲባል ሰማሁ እንጂ።»

«ገላው እንዲህ ያለ ነገር አያስደርግም» አለች ባንቺዓለም።

«እሱን ማን ነካው? እናቱን ነው ያልኩት።»

የወይዘሮ ሀብትነሽ ፊት ጠቆረ። ከድንጋጤው ሥር ሌላ ነገር፣ መጥፎ ነገር ሲበቅል ደስታነሽ አየችው።

የኔታ ጃንጥላቸውን አነሡ። «ሳይጠየቅ በማንም ላይ አይፈረድም» አሉ። «ሦስት ሰዓት ላይ ወደ ሞጣ የሚሄድ መኪና አለ። ሄጄ ወላጆቹን ዓይን ዓይናቸውን እያየሁ እጠይቃቸዋለሁ። ነገሩ እስኪጣራ ሠርጉ ይቆይ።»

ይቆይ። ቃሉ ሲወጣ ባንቺዓለም ያበጡ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ማልቀስ ጀመረች። እንባዋን የምትጠርግበት እጅ እንኳ አልነበራትም። ደስታነሽ በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችላት። እውነቱን ለመናገር ግን አፏ አልተከፈተም።

የኔታ ሄዱ። ደስታነሽ እዚያ ቤት ውስጥ መቆም አቃታትና ወደ ጓሮ ወጣች።

እማማ ውበቴ አጥሩ ሥር ተቀምጠዋል። ዕቃቸውን በቁና ከተው ጨርሰዋል። ለእግር የተረፈውን ሥር ይዘው ወደ ፀሐይ እያዞሩ፣ ወደ ዓይናቸው እያስጠጉ፣ ደግሞ እያራቁ ያያሉ።

«ማነሽ? ደስታ ነሽ? ነይ እስቲ ልጄ» አሉ። «ዓይንሽ ከእኔ ይሻላል፤ ይህን ነገር እዪልኝ።»

ተቀበለቻቸው።

«ከመስከረም ወዲህ ዓይኔ ጭጋግ ለብሶብኛል» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ለማንም አልተናገርኩም። ዓይኗ ደክሟል ከተባለ ሙሽራ የሚሰጠኝ የለም። ሥሩን የቆፈርኩት ገደሉ አፋፍ ላይ ነው፤ በእጄ ዳስሼ፣ አሽትቼ። እንሶስላ መስሎኝ ሌላ ሥር ነቅዬ ይሆናል። የሰው ልጅ አበላሽቼ ይሆናል። እዪልኝ፤ እውነቱን ንገሪኝ፤ አትዘኚልኝ።»

ደስታነሽ ሥሩን በጥፍሯ ጫር አደረገችው። ቀይ ውሃ አቀረረ። ምንም የሚያጠራጥር ነገር የለውም። አላውቅም ማለት ትችል ነበር። እኒህ ሴት ጥፋቱን ከራሳቸው ዓይን ላይ አድርገውት ቁናቸውን ተሸክመው ይሄዱ ነበር፤ ማንም ምንም አይጠይቃትም ነበር።

«እንሶስላ ነው፣ እማማ።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«እርግጠኛ ነኝ።»

አሮጊቷ መዳፋቸውን ዘርግተው አዩት። «እንግዲያው ክፉው እጄ ነው» አሉ።

ያን ጊዜ እውነቱ ከደስታነሽ አፍ ወጣ። በቅደም ተከተል አልወጣም። ቀለሙ ቀደመ፤ ከዚያ ጥጃው፣ ከዚያ የሒሳብ ፈተናው፣ ከዚያ ማንኪያው፣ ከዚያ እንደገና ጥጃው። እማማ ውበቴ ራሳቸውን ዘንበል አድርገው አዳመጧት። ስትጨርስ ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑና ትከሻቸው ይርገፈገፍ ጀመር።

«እማማ፣ አያልቅሱ። በእግዜር፣ አያልቅሱ።»

ነጠላውን ሲገልጡ እየሳቁ ነበር። እንባም አለበት፤ ግን ሳቅ ነው። «የአለላ ቀለም» አሉ። «ሽታው ሌላ ነው አላልኩም? አፍንጫዬም ደህና፣ እጄም ደህና። እኔኮ ልቤ ሊቆም ነበር፣ ልጄ።» ረዘም አድርገው ተነፈሱ። ከዚያ ሳቃቸው ቀስ በቀስ ቆመ። «አሁን ለእኔ ነገርሽኝ። እኔ ግን ለእናትሽ አልነግርልሽም። ራሷን ለማዳን የፈጠረችው ነው ይሉኛል።»

«አውቃለሁ።»

«የኔታስ?»

ደስታነሽ ብድግ አለች። በጓሮ በር ገብታ በፊት በር ወጣች። መሐል ላይ እናቷ አጠገብ ስትደርስ ሳትቆም «እማ፣ እኔ ነኝ፤ የአለላ ቀለም ጨምሬበት ነው» አለችና እናቷ ከተቀመጠችበት ሳትነሣ መንገዱ ላይ ነበረች።

አውቶቡሱ ሞተሩን አስነሥቷል። ረዳቱ ጣሪያው ላይ የመጨረሻዎቹን ዶሮዎች እያሰረ ነው። የኔታ መስኮት አጠገብ ጃንጥላቸውን በጉልበታቸው መሐል አቁመው ተቀምጠዋል። ደስታነሽ እያለከለከች ከውጭ ሆና ነገረቻቸው። አላቋረጧትም። ጎናቸው የተቀመጡት ሴትዮ ጆሯቸውን ቀስረው ነበር።

«ታዲያ እኔ ምን ልሠራ እሄዳለሁ?» አሉ በመጨረሻ፣ ሊነሡም ቃጡ። ከዚያ ጎናቸው ያሉትን ሴትዮ፣ ቀጥሎም አውቶቡሱን ሙሉ አዩና ተመልሰው ተቀመጡ። «አይ፣ መሄዱ አይቀርም። ይርጋነሽ ያወራችውን ይሄ መኪና ሁሉ ሰምቶታል። ወሬው ከእኛ ቀድሞ ሞጣ መድረስ የለበትም። ገላውም ክሊኒክ ውስጥ ቁስል የሚያክም ድሬሰር ነው፤ ለእጇ የሚሆን መድኃኒት አያጣም። ግቢ። ያበላሸሽው አንቺ ነሽ፤ ራስሽ ትነግሪያቸዋለሽ።»

«አሁን?»

«ሠርጉ መቼ መሰለሽ?»

ገባች። ረዳቱ ለእናቷ የሚነግር ሰው ላከላቸው። ጉንደ ወይን ኬላው ላይ ጠመንጃ ያነገተ ጠባቂ ገብቶ የተሳፋሪውን ሁሉ የይለፍ ወረቀት ተመለከተ። የኔታ ከቀበሌ ያጻፉትን አሳዩት።

«ይቺስ?»

«የወንድሜ ልጅ ናት።»

«የምትሄደው ለምን ጉዳይ ነው?»

የኔታ ዞረው አዩዋት። መልሱ የእሷ ነው።

«የእህቴን እጅ ያበላሸሁት እኔ ስለሆንኩ» አለች ደስታነሽ፣ «ለአማቾቿ ልነግራቸው ነው።»

ጠባቂው ወረቀት ሲያገላብጥ ከኖረበት ጊዜ ሁሉ እንዲህ ያለ ጉዳይ አልሰማም መሰል፣ ከንፈሩን ነክሶ ሳቁን ያዘ። «እንግዲህ ቀጥይ» ብሎ አለፋት። የኔታም ፊታቸውን ወደ መስኮቱ ቢያዞሩም ጢማቸው ሥር ፈገግታ እንደነበር ደስታነሽ አይታለች። ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ ትንሽ ቀለላት።

ሞጣ ሲደርሱ ሰባት ሰዓት አልፏል። ገላው ከሚሠራበት ክሊኒክ በነጭ ካፖርት ወጣ። የኔታን ደጁ ላይ ሲያይ እርምጃው ተገታ። ሰላምታውን እንኳ አልጨረሰም።

«ምነው የኔታ? ባንቺ… ሐሳቧን ለወጠች?»

የኔታ በጃንጥላቸው ጫፍ ወደ ደስታነሽ ጠቆሙ። በዚህ ጊዜ በቅደም ተከተል ተናገረች። ጥጃው፣ የቀጠነው ቀለም፣ አለላው፣ ጠዋት ያየችው እጅ። እማማ ውበቴ ላይ የተነሣውንም ሐሜት አልደበቀችም።

ገላው ግድግዳው ሥር ካለው አግዳሚ ላይ ዘፍ ብሎ ተቀመጠ። «እጇ ብቻ ነው? ፊቷ አላበጠም? ትንፋሽ አላጠራትም?»

«እጇ ብቻ ነው፣ ጋሼ ገላው። አልቅሳለች፤ ግን በልታለች። ቁርሷን እኔ ነኝ ያጎረስኳት።»

«እንግዲያው ይድናል።» ሁለት እጁን ፊቱ ላይ አድርጎ ቆየ። «ቀርታብኝ መስሎኝ እኮ ነው። የኔታን ሳይ፣ በቃ አልኩ።» ከዚያ ተነሥቶ ገባና አንድ ቅባት ይዞ መጣ። በቀዝቃዛ ውሃ እንድትታጠብ፣ ውሃ የቋጠረውን እንዳታፈርጠው፣ ሌላ ምንም ነገር እንዳይነካው አስረዳት፤ መልሳ እንድትነግረውም አደረገ። ሊሄዱ ሲሉ ደግሞ ወደ ጆሮዋ ጎንበስ አለ። «እጇ ቀላም አልቀላ እሑድ እመጣለሁ በያት።»

ለእናቱ መንገር ግን የዚያን ያህል ቀላል አልነበረም። የገላው እናት ነገሩን ሰምተው ሲጨርሱ «እህቴን ጠረጠራችኋት?» ብለው የኔታን ብቻ አዩ። የኔታ ገብረ ኪዳን፣ ተማሪ ሁሉ ቆሞ የሚያዳምጣቸው ሰው፣ ጎንበስ ብለው «ጠርጥረናል፤ ይቅር በሉን» አሉ። ደስታነሽ እሳቸው ሲያጎነብሱ አይታ አታውቅም። ለእሷ ጥፋት ነው ያጎነበሱት። ከቁጣ ሁሉ በላይ ይህ ከበዳት። ሴትዮዋም እጃቸውን እንዲታጠቡ ውሃ አስመጡ፤ ምሳ ቀረበ፤ ነገሩም አለቀ።

ሐሙስ ከሰዓት ቢቸና ሲመለሱ እናቷ ደጅ ላይ ቆማ ጠበቀቻት። «ትናንት ብትመለሺ ገርፌሽ ነበር» አለች። «አዳር ሲያልፍበት ንዴቴ ወጣልኝ።» እናቷ ከእማማ ውበቴ እግር ላይ ወድቃ ይቅርታ የጠየቀችው፣ ደስታነሽ ገና ሞጣ ሳትደርስ ነው። ቁናውም ከአጥሩ ሥር ተነሥቶ ወደ ቤት ገብቷል።

ባንቺዓለም ቅባቱን እያስቀባች የገላውን መልእክት ሰማች። ሁለት ጊዜ አስደገመቻት።

«ተናደሻል፣ እታለም?»

«ትናንት ተናድጄ ነበር። ግን ታውቂያለሽ፣ እናቱ ጠልታኝ ነው ብዬ ነበር የማለቅሰው። ዕድሜዬን ሙሉ ከጠላችኝ ሴት ጋር ልኖር ነው ብዬ። እጅስ ይድናል።»

ቅዳሜ እብጠቱ ሙሽሽ ብሎ የቀረው ትንሽ መላጥ ብቻ ነበር። እማማ ውበቴ ፀጉሯን ዓርብ ሠርተው ጨርሰዋል፤ እግሯም በእንሶስላው አምሮ ቀልቷል። ለእጇ ደግሞ ረጅም እጅጌ ያለው ቀሚስ ተመረጠ። ቤቱ ውስጥ ሳቅ ተመልሷል። ደስታነሽ እንስራዋን ተሸክማ ወደ ቦኖው ስትወርድ ሦስት ቀን ተጭኗት የነበረው ሁሉ የወረደላት መስሏት ነበር።

ሰልፉ ረጅም ነው። ተራዋ ሲቃረብ ከወደ ኋላ የእትዬ ይርጋነሽ ድምፅ ይሰማል። ረቡዕ ከወጡ ወዲህ ወደ ቤቱ ብቅ አላሉም። «ብቻ የሞጣዋ ሴትዮ እጅ ጥሩ አይደለም ነው የሚባለው» ይላሉ። «እኔማ ልጄን ስድር አላስነካትም።» ሁለት ሴቶች ራሳቸውን ነቀነቁ። ከኋላቸው ከሰባተኛ ክፍል አራት ልጆች ቆመዋል፤ አገሬም አለች። አገሬ ደስታነሽን ስታይ ዓይኗን መሬት ላይ ተከለች።

እንግዲህ ቤት ውስጥ ያለው ይቅርታ እዚህ አልደረሰም። እማማ ውበቴ ሰኞ ወደ ሞጣ ይመለሳሉ፤ ይህ ወሬ ግን በዚህ ቦኖ ላይ ይቀራል፤ አንድ ቀንም በአውቶቡስ ተሳፍሮ ይደርስባቸዋል። ደስታነሽ የክፍሏን ልጆች አየች። ሰኞ ትምህርት ቤት ምን እንደሚሏት ታውቃለች፤ «አለላ» የሚል ቅጽል ስም እስከ ስምንተኛ ክፍል ሊከተላት ይችላል። የአገሬን ስም ላለማንሣት ወሰነች። ማንኪያውን የያዘው እጅ የራሷ ነበር።

«ተራሽ ደርሷል እኮ፣ ቅጂ» አለቻት ከኋላዋ የቆመች ሴት።

ደስታነሽ እንስራዋን ከትከሻዋ አውርዳ መሬት ላይ አስቀመጠች።

«እርስዎ ይቅዱ» አለችና ለሴትዮዋ ቦታ ለቀቀች። ከዚያ ወደ ሰልፉ ዞረች። «እትዬ ይርጋነሽ፣ እማማ ውበቴ አይደሉም። ከመጀመሪያው ልንገርዎት።»